ከጣሪያው ልጀምር ከግድግዳው?

ድህነትን ሊያጋልጥ ደብተር ይዞ የወጣ ጋዜጠኛ ሁሉ መጨረሻው የአንዲት ሴት ደጃፍ ነው። እንዲህ ያለች ሴት የሌላት ከተማ የለችም። የእኛዋን በዜና ክፍል “ክብርት የድህነት ቃል አቀባይ” እንላቸዋለን። ፊት ለፊት ግን እትዬ ናቸው።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። የቤታቸው የኋላ ግድግዳ ወደ ፍሳሽ ቦዩ አዘምሞ ነበር። ለምን እንደማያሳድሱት ስጠይቅ፣ ሦስት ወር ያመላለሰኝን ነገር አገኘሁ። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ እድሳት ክልክል ነው። መቼ ነው የሚፈርሰው ያለ ደግሞ “ጥናት ላይ ነው” ይባላል። ጽሑፉ በአራት ተከታታይ እትም ወጣ። እኔ ተሸለምኩ፣ ኮሚቴም ተቋቋመ። ኮሚቴው እስካሁን አለ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጋ ያልሄደ የለም። ሥራችንን ከእኛ በላይ አወቁት። እንግዳው ገና ጫማውን ሲያራግፍ “ከጣሪያው ልጀምር ከግድግዳው?” ይላሉ። አንዱን ፎቶ አንሺ፣ “ቤቱ ብርሃን የሚገባው በዘጠኝ ሰዓት ነው” ብለው መልሰውታል። አንዷ ጀማሪ ማልቀስ ስትጀምር ደግሞ፣ ስትጨርሺ ቁጥሩን ጻፊ፣ ለአንድ ሽንት ቤት ስልሳ አራት ነን፣ ባለፈው የመጣው ስልሳ ብሎ ጽፎ አራቱን በልቷቸዋል አሏት። ለቴሌቪዥን ሲሆን ሁሉንም በአርባ ሰከንድ ይጨርሳሉ።

ለውለታቸው የሚጠይቁት ጋዜጣውን ብቻ ነው። ነፋስ እንዳይገባ በዱቄት ሙጫ ያንኑ ያዘመመ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንዱን በአንዱ ላይ። የእኔ ከሁሉም ሥር ነው።

አምና አለቃዬ የድሮውን ጽሑፍ እንደገና እናውጣው፣ ቁጥሩን ብቻ አድስ አለኝ። ሄጄ መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። የተለወጠው የእትዬ ዕድሜና ሽንት ቤቱን የሚጋሩት ሰዎች ቁጥር ነበር፤ ሁለቱም ጨምረዋል።

“ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው፤ እስካሁን አልተበላሸም” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እግሬን ሰበሰብኩ። በምን ፊቴ ልሂድ?

ባለፈው ሳምንት፣ ከዚያ ከባድ ዝናብ በኋላ፣ አንድ ጎረቤታቸው ደውሎ የእትዬ ግድግዳ ወደቀ አለኝ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጭቃው እውነትም ተንዶ ቦዩ ውስጥ ገብቷል። እትዬ ግን አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ጋዜጣው ብቻውን ቆሟል፤ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ ከማገሩ ጋር ተጣብቆ።

ሌላ ቤት እስክንፈልግ ከእኔ ጋር ይምጡ አልኳቸው። አንድ ቀን ከለቀቁ ቤቱ ባዶ ነው ተብሎ ተመዝግቦ እንደሚወሰድባቸው አስታወሱኝ። ይህንን መጀመሪያ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

“እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። “ያ ሁሉ ጽሑፍ ምንም አልፈየደም።”

ዞር ብለው ጋዜጣውን በጣታቸው አንኳኩት።

“ምን ነካህ ልጄ? ይኸው ይዞ የለም እንዴ?”

በማግስቱ ግድግዳው ይጠገን ብዬ ብጠይቅ የወረዳው ቢሮ እድሳት አይፈቀድም አለ፤ ሊፈርስ ነዋ። ጋዜጣ መለጠፍ ግን አልተከለከለም። ይህንን የጻፍኩት ከኮሚቴው ምንም ጠብቄ አይደለም። ክረምቱ ሊወጣ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። አለቃዬን የዚህን እትም ሠላሳ ቅጂ ለምኜዋለሁ፤ ዱቄቱን ገዝቻለሁ።