ቱን ፌሊስ ፕሬዚዳንት ሲመርጡ

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ነጠላ ጫማቸው ላይ ነው። በምርጫው ቀን፣ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ደጃፍ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ አውልቀው አስቀመጡትና በባዶ እግራቸው ገቡ። እኛ እንደተጫማን ተከተልናቸው።

ሕግ እሱን ከሚያከብረው በላይ ሕግን የሚያከብር አንድ ሰው ከየመንደሩ አይጠፋም። የመንደራችን የኢናላሃን ሕግ አክባሪ ቱን ፌሊስ ኪቾቾ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ማንም ያልሾማቸው የደሴቲቱ ጠበቃ። ቱን የምንለው ጋሼ ለማለት ነው።

እኛ ጉዋሞች፣ በአሜሪካ ባንዲራ ሥር የምንኖር የፓስፊክ ደሴት ሰዎች፣ ገዥ እንመርጣለን፣ ከንቲባ እንመርጣለን። ፕሬዚዳንትም እንመርጣለን፤ ይሄኛው ድምፃችን ግን እዚሁ ተቆጥሮ እዚሁ ይቀራል። ዋሽንግተን አይደርስም። ለጦርነት የሚጠሩት ልጆቻችን ግን የተላኩበት ሁሉ ይደርሳሉ።

ይህን ነገር ቱን ፌሊስ ማንንም ሳይጠይቁበት አያልፉም። እጩዎች በየሰፈሩ ድንኳን ተክለው ቀይ ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ ሲያበሉ፣ ከሁለቱም ፓርቲ ሳያዳሉ ይበላሉ፤ በመጨረሻም እጃቸውን ያወጣሉ። “አንድ ጥያቄ አለኝ” ሲሉ ድንኳኑ ያቃስታል። ልጆቻችንን የሚልከውን ሰው የምንመርጠው መቼ ነው? አንድ እጩ ከመልሱ ለማምለጥ ቄሱን መዝጊያ ጸሎት እንዲያደርሱ ለመናቸው፤ ዶሮው ገና ከእሳት አልወረደም ነበር።

በምርጫው ቀን የልጅ ልጃቸው ታሲ የወታደር ልብሷን ለብሳ ደጅ መኪና ውስጥ ትጠብቃቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ትበራለች፤ ወዴት እንደሆነ አልነገሯትም። እናቷ ቤርናዲታ ክላክስ ታደርጋለች። ሰልፉ ግን አይንቀሳቀስም። ቱን ፌሊስ ባለፉበት ሁሉ የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ የክርስትና ልጅ ጎንበስ እያለ እጃቸውን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ ለሽማግሌ እንዲህ ነው ደንባችን። የፓርቲ ታዛቢዎች ሳይቀሩ ተነሡ። በቅርቡ ወደ ደሴቲቱ የመጣ አንድ ሰውዬ ይሄ ቅስቀሳ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ።

“አጎቴ ናቸው” አለችው አንዷ ታዛቢ።

“የእኔም” አለ የተቃራኒው ፓርቲ ታዛቢ።

ወረቀት የሚያድለው ጆአኪን፣ የእህታቸው የልጅ ልጅ፣ ክላክሱን ሲሰማ አዘነላቸው። “ቱን፣ ታሲ አውሮፕላን እንዳያመልጣት። የፕሬዚዳንቱን ይተዉትና ይሂዱ፤ ለነገሩ እዚያ አይቆጠር።”

ቱን ፌሊስ አልተቆጡም። “ልጄ፣ አባትህን የት ቀበርነው?”

የጆአኪን አባት ከሩቅ በረሃ በባንዲራ ተጠቅልሎ እንደመጣ የማያውቅ በሰልፉ ውስጥ አልነበረም። ልጁ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆዩ። ማንም አላጉረመረመም፤ ክላክሱም ዝም አለ። ሽማግሌ ሰልፍ ላይ ሲያስጠብቀኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ኮሮጆው ውስጥ ከተው ሲመለሱ፣ ድምፁ ለታሲ ምን እንደሚፈይድላት ጠየቅኋቸው።

“ምንም” አሉኝ። “ሊወስዷት ሲነሡ ማንም አልጠየቀኝም። ይህ ወረቀት ግን ጠየቀኝ፤ ለጠየቀኝ እመልሳለሁ።”

ደጅ መዝነብ ጀምሮ ነበር፤ ነጠላ ጫማቸውን ተጫምተው ዝናቡን ሳይሸሹ ወደ መኪናው ሄዱ። ቤርናዲታ የፊቱን በር ከውስጥ ከፈተችላቸው። እሳቸው ግን አልፈውት ወደ ኋላ ዞሩና ከታሲ ጎን ገቡ።