ቪዲዮ አሳናሹ ባሌ

ለመጨረሻ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የሠራነው ሥራ የጎረቤታችንን የእትዬ ዘነበችን ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ማሳነስ ነበር። ቪዲዮ ሳያሳንስ ኢንተርኔት ላይ የማይጭን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አግብቼዋለሁ። «ኔትወርክ የጉለሌን ዳገት የሚወጣው ሸክሙ ሲቀልለት ነው» እያለ ሙሽራው ከሚዜዎቹ እስከማይለይ ድረስ ደጋግሞ አሳነሰው።

እትዬ ዘነበች ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«ለመሆኑ ልጄን ለየትኛው ነው የዳርኳት?»

«እሱን ይተዉት እትዬ፣ ቶሎ አልተከፈተልዎትም?» አላቸው ባሌ።

ባሌ ካረፈ በኋላ ፊቱን ልይ ብዬ የራሳችንን ቪዲዮዎች ከፈትኩ። ዋናዎቹን ቦታ ያጣብባሉ ብሎ አጥፍቷቸዋል፤ ባሳነሳቸው ላይ አፍንጫው እንኳ አይታይም። ጥቁር ለብሼ ሰደብኩት። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

አሁን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀምጥና ድምፁን እሰማለሁ።