ስምንት እግር በስኳር

ኬንያ ሞያሌ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ቦቴውም የሚመጣው ሲያሰኘው ነው። እኔ ባሕርን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ማዕበሉን፣ መርከቡን፣ መርከብ ላይ የሚያስመልሳቸውን መንገደኞች ሳይቀር አውቃለሁ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ያለው ሰው ብዙ ያነበበ አይመስለኝም። እኔ ያላየሁት አገር ሁሉ ይናፍቀኛል።

ታዲያ ባሕር ሳላይ፣ ኪሮሽም ጨብጬ ሳላውቅ፣ ከክር ኦክቶፐስ ሠራሁ። አዎ፣ ሠራሁ። ከወዲሁ የነገርኳችሁ እንዳትሰጉልኝ ብዬ ነው።

ኦክቶፐስ ማለት ራሷ ትልቅ፣ እግሯ ስምንት፣ አጥንት የሚባል ያልተፈጠረባት የባሕር እንስሳ ናት። ለምን ድመት አልሠራሽም የሚለኝ አይጠፋም። ድመት አንገት አላት። አንገት ደግሞ ለጀማሪ ከባድ ነው ይላል፣ ከስልኬ ላይ አንብቤ ወደ ደብተሬ የገለበጥኩት መመሪያ። እኔ በጽሑፍ የተነገረኝን አምናለሁ። በቃል ሲሆን እጠራጠራለሁ።

ነገሩ የመጣው በጡት ነው። ታላቅ እህቴ ሰናይት ማርሳቢት ከተማ የነርስነት ትምህርት ልትማር ተቀብለዋታል። ባለፈው ዓመትም ተቀብለዋት ነበር፤ ልጄ ገና ትንሽ ናት ብላ ቀረች። ዘንድሮ ከቀረች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ልጅቷ ሶሲ ትባላለች፤ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሶሲ ከእማዬና ከእኔ ጋር ትቀራለች ተባለ። ሁላችንም ተስማማን። ያልተስማማችው ሶሲ ብቻ ናት። ጡት አልተውም አለች።

እሬት ይቀባ ተባለ፤ ተቀባ። በዚህ አገር ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እሬት አይጠፋም። ሶሲ ቀመሰች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ እናቷን በትዝብት አየቻት። ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ቀጠለች። በርበሬ ይሞከር ያሉም ነበሩ። እህቴ፣ «የሚቃጠለው የማን ገላ መሰላችሁ?» ብላ እምቢ አለች። ወደ ማርሳቢት የሚወስዳት አውቶቡስ ሊነሣ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። አንድ ቀን ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ስትከት አየኋት። በማግስቱ ስታወጣው አየኋት። በሦስተኛው ቀን መልሳ ከተተችው። ሻንጣው ራሱ ሳይደክመው አልቀረም።

በዚህ መሐል ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። እኔ አፌን ስከፍት ሰው ይደነግጣል። በእማዬ ትንሽ ሆቴል ውስጥ ቦታዬ ከፍሪጁ ጀርባ ነው፤ መጽሐፍ ይዤ። ደንበኞቻችን፣ «ይቺ ልጅ ምላሷን ዩኒቨርሲቲ ረስታው መጣች እንዴ?» ይላሉ። አልረሳሁትም፤ እዚያም አልተጠቀምኩበትም። የቡድን ሥራ ሲሰጠን እኔ እጽፋለሁ፣ ሌሎቹ ቆመው ያነባሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል። ማርኩ ግን እኩል ነው። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ያን ቀን ግን ከፍሪጁ ጀርባ ሆኜ፣ «የምታቅፈው ነገር እሠራላታለሁ፤ ያን ጊዜ ትተወዋለች» አልኩ። እህቴ ሳቀች። ከዚያ እንዳልቀለድኩ ገባትና ሳቋን ገታች። የሰጠሁት ቃል ከበደኝ። ቢሆንም፣ አንብቤ የገባኝን ነገር መሥራት አያቅተኝም ብዬ አምናለሁ። ዛሬም አምናለሁ።

ሐምራዊ ክር ገዛሁ። ኪሮሹን ያዋሱኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው። እትዬ ዘነበች የዳንቴል እመቤት ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ቴርሞሱ ለብሷል፣ የጋዙ ሲሊንደር ለብሷል። እሳቸው ቤት ብዙ መቀመጥ እፈራለሁ። እዚያ ቤት ዝም ያለ ነገር ሁሉ ይለብሳልና።

መመሪያዬ የሚጀምረው «አስማታዊ ቀለበት ሥሪ» ብሎ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አማተቡ። «አስማት ያለበትን ነገር ለሕፃን ልትሰጪ? አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነው እንግዲህ የተማርሽው?» አሉኝ። ክሩ ሲሳብ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ስለሚዘጋ ነው እንደዚያ ያሉት ብዬ አስረዳኋቸው። ስቤ አሳየኋቸው። «ይሄማ ሸምቀቆ ነው» አሉ። እውነትም ሸምቀቆ ነው። ለካ መጽሐፍም አንዳንዴ ሸምቀቆን አስማት ይለዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እሳቸው የሚያውቁት ማስፋትን ነው። ዳንቴል ከመሐል ይነሣና እየሰፋ ይሄዳል፤ ቴሌቪዥኑ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ኦክቶፐስ ግን ከሰፋች በኋላ መጥበብ አለባት፤ አለዚያ ራስ አይወጣትም። እኔ በየዙሩ ጥልፉን ልቀንስ ስል እሳቸው ከጎኔ ሆነው፣ «ምን ያስነፍግሻል? ጨምሪ እንጂ!» ይሉኛል። ጨመርኩ። ታላቅን እምቢ ማለት የሚያስተምር መጽሐፍ ገና አላገኘሁም። በሦስተኛው ቀን የኦክቶፐሴ ራስ ሳህን አክሎ ተዘረጋ፤ ጠርዙም ቁልቁል ታጠፈ።

በዚያው ጠዋት ጋሽ ጉዮ መጡ። የፍየል ደላላ ናቸው፤ የእማዬን ሻይ ሳይጠጡ ገበያ አይወርዱም። ከእጄ ላይ አነሡና ገልብጠው አዩት፤ ራሳቸው ላይ ደፉት። ልክ ሆነ። «ሃያ ኢንታላ፣ ገለቶሚ!» ብለው፣ «እሺ ልጄ» ማለታቸው ነው፣ በኦሮምኛ አመስግነውኝ ሄዱ። ምን ልበላቸው? የባሕር እንስሳ ራስ ነው፣ ይመልሱልኝ ልበል? እስከ ዛሬ ያደርጉታል። ሐምራዊ ቆብ ደፍቶ ፍየል የሚያሻሽጥ ሽማግሌ ካያችሁ፣ የእጄ ሥራ ነው።

ሁለተኛዋን በሬን ዘግቼ ሠራሁ። ሠራሁ፣ ፈታሁ፣ ሠራሁ። ክሩ ከመፈታቱ ብዛት ፀጉር አበቀለ። ዙሩ እንዳይጠፋብኝ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ቴምር ደርድሬ እቆጥር ነበር፤ ሶሲ ገብታ ሁለት ዙር በላችብኝ። ቢሆንም ራሷ ጠበበች፤ ተዘጋች። ከአሮጌ ትራስ ጥጥ አውጥቼ ሞላኋት። ስምንቱን እግሮች አንድ በአንድ ሠርቼ ሰፋሁላት፤ ሁሉም ጥቅልል ጥቅልል ያሉ፣ ለስላሳ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። እግር የሌለው እንቁላል ከሄደ፣ ስምንት ያላትን ማን ያቆማታል?

ሆቴል ይዣት ወጣሁ። ጋሽ ጉዮ ተቀበሉኝ። ጀርባዋን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ጥርሷን አይተው ዕድሜዋን ሊያውቁ አፏን ፈለጉ፤ አፍ የላትም። ወተት ትሰጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። አትሰጥም አልኩ። ሥጋዋ ይበላ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሞምባሳ ባሕር ዳር ይበሏታል ይባላል፣ አልኩ። እግሮቿን ቆጠሩ። «ይሄን ሁሉ እግር ይዛ ከኦቦ መንደር እስከዚህ ብትነዳ፣ ደክሟት የምታርፈው በየትኛው ነው?» አሉ። በመጨረሻ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ሥጋዋ መልካም ነው፣ ነገር ግን አትቆምም፤ የማትቆም እንስሳ ደግሞ ገበያ አትወጣም። እትዬ ዘነበች ከጎን ጠረጴዛ ይሄን ሲሰሙ ሻያቸውን አስቀመጡ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዓይን ቀርቷት ነበር። ቁልፍ እንዳላደርግላት ሶሲ ትውጠዋለች። ስለዚህ በጥቁር ክር ልጠልፍላት አሰብኩ። ክር ፍለጋ ኬላውን ተሻግሬ ኢትዮጵያ ሞያሌ ሄድኩ። ሰልፍ ነበር፤ ቆየሁ። ስመለስ ኦክቶፐሴ ካስቀመጥኩበት የለችም። ብፈልግ ብፈልግ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ፣ የእንጨት የሻይ ትሪ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። ስምንቱም እግሮቿ ቀጥ ተደርገው በስፒል ተወጥረዋል።

ዳንቴል የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት ያደገ ገብቶታል። ዳንቴል ሲያልቅ በወፍራም የስኳር ውሃ ይነከራል፤ ተወጥሮ ይደርቃል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስኳር ያልነካው ዳንቴል ብጣሽ ጨርቅ ነው። እትዬ ዘነበችም ውለታ ውለውልኝ ነው። «ጉዮ አትቆምም ሲል አንጀቴ አረረ! ይኸው፣ ትቁም አትቁም እንይ!» ብለው ስፒሉን ነቅለው አቆሟት። ቆመች። እንደ በርጩማ። ሕፃን አቅፋት ትተኛለች ያልኳት እንስሳ ትሪው ላይ ሲያስቀምጧት ኳ አለች። ከአጥሩ ሥር የተነሣ የጉንዳን ሰልፍ ደግሞ በአንደኛው እግሯ እየወጣ ነበር።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ምን እላለሁ? ላጥባት ወደ ቤት ሮጥኩ። በርሜሉን ስከፍት ደረቅ ነው። ቦቴው ከመጣ ሳምንት አልፎታል። የቀረችው አንዲት ጄሪካን ለሆቴሉ ሻይ ናት፤ እሷን ደግሞ እማዬ ከዓይኗ አታርቃትም። እስቲ ፍረዱኝ፤ የባሕር እንስሳ ሠርቼ የማጥብበት ውሃ አጣሁ! አውቶቡሱ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የሰናይት ሻንጣ እንደገና ባዶ ነው። ዓይኗን ጠለፍኩላት፤ ጉንዳኑን አራገፍኩ፤ እንደ ደረቀች ለሶሲ ሰጠኋት።

ሶሲ ዞር ዞር አድርጋ አየቻት። አንዱን እግር አፏ ውስጥ ከተተች። መጠጠችው። እናቷን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ በሁለት እጇ ያዘቻት። ከሰዓት የእንቅልፍ ሰዓቷ ደረሰ፤ ሌላ ቀን ቤቱ በለቅሶ የሚናወጥበት ሰዓት ማለት ነው። ሶሲ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ፣ ኦክቶፐሷን እየጠባች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። እህቴ በሩ ላይ እንደቆመች በሹክሹክታ፣ «ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለችኝ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «አነበብኩ» አልኳት።

ስኳሩ የተመጠጠ እግር ይልፈሰፈሳል። በየቀኑ አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት፣ እግሮቿ ወደ ጥንት ጥቅልላቸው ተመለሱ። እትዬ ዘነበች በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ፣ «ስንት ቆሟል?» ይላሉ። ስድስት፣ እላለሁ። አራት። ጋሽ ጉዮ እንኳ ሻይ ከማዘዛቸው በፊት የእንስሳዋን ጤንነት ይጠይቁ ጀመር። እህቴ ሻንጣዋን ሞላች፤ አላወጣችም። እኔ ግን ጭንቀት ያዘኝ። የመጨረሻው እግር የወደቀ ዕለትስ? እትዬ ዘነበች የስኳር ድስታቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

የመጨረሻው እግር የወደቀው አውቶቡሱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሶሲ ጠባችው፤ ምንም የለም። ሌላውን ሞከረች፤ የለም። እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ሰናይት ትንፋሿን ያዘች፤ እኔም ያዝኩ። ሶሲ አዛጋች፤ ኦክቶፐሷን ብብቷ ሥር ወሸቀች፤ ተኛች። በማግስቱም እንዲሁ፤ ጡት አልጠየቀችም። አሁን እንስሳዋ መጀመሪያ እንዳሰብኳት ለስላሳ ሆናለች።

አውቶቡሱ ጋ ያለቀሰችው ሰናይት ናት። ሶሲማ እማዬ ጀርባ ላይ ሆና፣ በላሸቀ ሐምራዊ እግር እያውለበለበች ሸኘቻት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የእኔ ድር ሰው ፈትቶ ለቀቀ።

ከዚያ ወዲህ እናቶች ይመጣሉ፤ ከጎዶማ መንደር ሳይቀር። «ያቺን ጡት የምታስጥለዋን ሥሪልን» ይሉኛል። ስለ ባሕር የጠየቀኝ የለም። በቅርቡ ለአንዷ እናት፣ እንደ መመሪያው፣ ያለ ስኳር፣ ንጹሕ አድርጌ ሠርቼ ሰጠኋት። የመማሬን ክብር ላስመልስ ብዬ ነው። በማግስቱ ይዛት መጣች፤ ልጇ ዞር ብሎም አላያትም። እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ማዶ አይተውናል። የስኳር ድስታቸውን አነሡ።

እንግዲህ እኔ መጽሐፍ አክባሪ ነኝ። ሰው በጻፈው ላይ የራሴን ቃል መጨመር ነውር ይመስለኛል። ግን ደብተሬን አወጣሁ። የመመሪያው የመጨረሻ መስመር፣ «ክሩን ቁረጪ፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ደብቂ፤ አልቋል» ይላል። «አልቋል» የምትለዋን ሰረዝኩና ከሥሯ ጻፍኩ፦

«በስኳር ውሃ ንከሪ፤ ፀሐይ ላይ አቁሚ። ጉንዳን ካልመጣ፣ ገና ነው።»