ሬት የቀባሁት ቅጠል

ጥንቃቄ ሲበዛ ራሱ ጠንቅ ይሆናል ብል፣ ሽማግሌው ጃጀ ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

እኔ በር መቆለፌን ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ ደረጃ የምመለስ ሰው ነኝ። ከካዛንቺስ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ስገባ ነፍስ ካላቸው ነገሮች ይዤ የመጣሁት ሁለት ነው፤ ድመቴን ባሻንና በጣሳ የተከልኩትን ሬት። ከውሻዋ ከቡቺ ጋር ወሎ ሰፈር የምትኖረው ልጄ ሂሩት ደግሞ ለአዲሱ ቤት ብላ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ የሚያህል ተክል አመጣችልኝ። በማግስቱ ደወለች። «አባዬ፣ ያ ቅጠል ለድመትና ለውሻ መርዝ ነው አሉ፤ ቡፌው ላይ ስቀለው!» ቡፌው ላይ! ባሻ መቼ ከቡፌ በታች ተቀምጦ ያውቃል?

እንዳልጥለው የልጅ ስጦታ ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩና የጥበብ በር ተከፈተልኝ። እናቴ እኔን ጡት ያስጣለችኝ ሬት ቀብታ ነው። እኔን ያሸነፈ ሬት አንድ ድመት ያቅተዋል? ከጣሳው ሬት ቆረጥኩና የስጦታውን እያንዳንዱን ቅጠል፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ቢጫ ውሃው እስኪንጠባጠብ ቀባሁት።

ባሻ መጣ፤ አሸተተ፤ ፊቱን አዞረ። እሰይ! ሲያልፍ ግን ጎኑን ቅጠሉ ላይ አሸት አደረገና ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጠጉሩን ይልስ ጀመር። ብዙም አልቆየ፣ አረፋ ደፍቆ ያስመልሰው ጀመር።

የፈሩት ይደርሳል! በዘንቢል አድርጌው፣ አንድ ቅጠል ለማስረጃ በፌስታል ቋጥሬ፣ ታክሲ ኮንትራት ያዝኩ። ሹፌሩ ማን ታሞ ነው ቢለኝ፣ «ባሻ ናቸው፣ ንዳው!» አልኩት። ለማዕረጉ ነው መሰለኝ፣ ሜክሲኮን እንዴት እንዳለፍነው አላየሁም።

የእንስሳት ሐኪሟ ቅጠሉን አገላበጠችው። «አባባ፣ ይሄን አልነከሰውም። ቢጫው ነገር ምንድነው?» እንዳይበላው የቀባሁት ሬት ነው አልኳት፣ በኩራት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሬትም እኮ ለድመትም ለውሻም መርዝ ነው! ሕፃን ሲመረው ይተዋል፤ ድመት ግን ጠጉሩ ከቆሸሸ ቢመረውም ይልሰዋል።»

ባሻን አጥባ፣ መርፌ ወግታ፣ ቁጭ ብለው ይጠብቁ አለችኝ። ባዶ ዘንቢል ታቅፌ ስንት ስለት እንደተሳልኩ እኔና እግዜር እናውቃለን። በመጨረሻ ከውስጥ የባሻ ቁጣ ሲሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሂሩት ሰምታ መጣች፤ ሁለቱንም ተክል ተሸከመች። በሩ ላይ ዞር ብላ ቡፌው ላይ ለተኮፈሰው ድመት፣ «ባሻዬ፣ መርዞቹን ወስጄልሃለሁ፤ ከአባዬ ጥንቃቄ ግን ራስህን ጠብቅ» አለችውና እየሳቀች ወረደች።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መርዞቹ የሚገቡበት ቤት ትዝ አለኝ። ቡቺ!

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ሳልቆልፍ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።