የአያ ተሰማ በሬ ማስተርስ ሊማር ነው

ሥራ ፈት መባልን ከረሃብ አብልጦ የሚፈራ ምሩቅ አጋጥሞዎት ያውቃል? መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እንደገና ተማሪ መባል። ተማሪን ማን ሥራ ፈት ይለዋል?

መካነ ሰላም ገበያ አጠገብ ሻይ ቤት ያየሁት ደምስ ከነዚህ አንዱ ነው። ማኔጅመንት ተመርቆ ጋውኑን ሳይመልስ የአንድ ዓመት የቢዝነስ ማስተርስ አሰበ። ክፍያው የአባቱ የአያ ተሰማ በሬ ነው። አያ ተሰማ ያላቸው በሬ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከጎረቤታቸው ከአያ ሰይድ በሬ ጋር አቀናጅተው የሁለቱንም ማሳ በተራ ያርሳሉ። እንግዲህ የሚሸጠው አንድ በሬ ቢሆንም ሥራ የሚፈታው ጥንዱ ነው። አባት፣ ልጅና ጎረቤት ሦስቱም ከጎኔ ተቀምጠው ይመክራሉ።

«አንድ ዓመት ምን አላት አባዬ? ስመለስ ሥራ አስኪያጅ ነኝ» አለ ደምስ።

«የያዝከው ዲግሪስ ምን ሆነ?» አሉ አባቱ።

«እሱንማ አሁን ሁሉም ሰው ይዞታል።»

«ማስተርሱንም ሁሉም ሲይዘውስ?» አሉ አያ ሰይድ።

ደምስ ሻዩን አማሰለ። «ያኔ ፒኤችዲ አለ።»

«ወላሂ፣ ያኔማ ተራው የኔ በሬ ነው!» አሉ አያ ሰይድ።

ሁሉም ሳቁ። በሬው ግን በዚያው ቀን ተሸጠ።

ሰኔ ላይ በመንደራቸው ሳልፍ የአያ ሰይድ በሬ ብቻውን ታስሮ ቆሟል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በዶማ ይቆፍራሉ፤ አብዛኛው ማሳ ጦም አድሯል። ስለ ደምስ ጠየቅኩ።

«ሊጨርስ ነው» አሉ አያ ሰይድ፣ «ሲመጣ ከበሬዬ ጋር እናቀናጀዋለን።»

አያ ተሰማ አልሳቁም። ዶማቸውን አነሱ።