ስላላበው ክንፍ የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ።

ቦታ፦ አውሮፕላን መጠገኛው ውስጥ፣ ከባለሁለት መቀመጫዋ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ሥር። ቢሮው ይሞቃል።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው ሻለቃ፣ መሐንዲሱ፣ አውሮፕላኗን ነገ የምታበርረው የእህቴ ልጅ፣ እና የነዳጅ ታንክ መገጣጠሚያ የምደፍነው እኔ። ማንበብም መጻፍም ስለማልችል «ይሄ ቃል አያጣምምም» ተብዬ ጸሐፊ ተደርጌአለሁ፤ እኔ እናገራለሁ፣ ታይፒስቷ ትመታለች። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ባይሞላም እንጀምር ነበር።

አጀንዳ አንድ፦ ከክንፉ ሥር የታየው እርጥበት ምን ይባል?

መሐንዲሱ መመሪያውን አነበበ። የነዳጁ ታንክ ክንፉ ውስጥ ነው፤ እርጥበት ብቻ ያሳየ፣ ማለትም ያላበ ታንክ ይበርራል፤ የሚያንጠባጥብ ታንክ አይበርርም። ሻለቃው ነገ ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡ አስታውሰው፣ እንግዲያው ላብ ይባል አሉ። የእህቴ ልጅ ከሥሩ ሳፋ የተደቀነለት ነገር ላብ እንደማይባል ተቃወመች። ሻለቃው ሳፋው እንዲነሳ አዘዙ። ተነሳ። የሚቀጥለው ጠብታ ቆባቸው ላይ አረፈ። ወንበራቸውን እየጎተቱ፣ ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አሳሰቡ። ገብቷል።

ጸሐፊው፣ ማለትም እኔ፣ መገጣጠሚያውን በገዛ እጁ እንደደፈነው፣ እሱ የደፈነውም አንጠባጥቦ እንደማያውቅ፣ ስለዚህ ላብ ከመሆን ሌላ ምርጫ እንደሌለው አስረዳ። የእህቴ ልጅ የአጎቷ እጅ ዝነኛ መሆኑን አምና፣ ነዳጁ ግን ይህን ዝና እንዳልሰማ ገለጸች።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሦስት ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ ላብ ነው ተብሎ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ወለሉ።

ጠብታው ጎልቶ እንዳይታይ ወለሉ ጥቁር ቀለም እንዲቀባ መሐንዲሱ ጠየቀ። ሻለቃው ጨርቅ ይበቃል አሉ። ጨርቁን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። መሐንዲሱ የተማረው ጨርቅ ለመያዝ አለመሆኑን ተናገረ፤ ሻለቃው ምን ለመያዝ እንደተማረ እስካሁን እንዳልገባቸው መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ወለሉ ይቀባ፣ ይጠረግም ተብሎ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ።

የእህቴ ልጅ የኋላው መቀመጫ ባዶ መሆኑን ጠቅሳ፣ ላብ ነው ካሉት አንዱ ነገ አብሯት እንዲበርር ጠየቀች። ከዚያ ሻለቃው የደም ግፊታቸውን አነሱ። መሐንዲሱ የሥራ ድርሻው መሬት ላይ ብቻ መሆኑን አብራራ። ጸሐፊው ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ያኔ ወደ እኔ ዞረች።

«አጎቴ፣ ይሄ ላብ የጋለ ሞተር ካገኘ እሳት ነው። እማዬ ስትጠይቅዎ ምን ይሏታል?»

ጸሐፊው መልስ ለማሰብ ጊዜ ጠየቀ። ተሰጠው። አልበቃውም።

«ያንጠባጥባል» አልኩ። «ታንኩ ይከፈት፣ እንደገና እደፍነዋለሁ።»

ሻለቃው ከመጀመሪያውም ጥርጣሬ እንደነበራቸው ገለጹ። መሐንዲሱም እንደዚያው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ አንድ ላብ የተባለው ላብ አይደለም። በአጀንዳ ሁለት የሚቀባው ወለል አይቀባም። ሳፋው ይመለስ። አውሮፕላኗ አትበርርም፤ እንግዶቹ ቆማ ያዩዋታል፣ ከወዲያኛው ክንፍ በኩል። ከዚህ በላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር።

ሳፋው ቦታው ሲመለስ፣ አሥር ሰዓት ላይ ተበተንን። ጸሐፊው በአውራ ጣቱ ፈርሟል። ከአሻራው አጠገብ የሚታየው እርጥበት ላብ ነው። የእኔ ነው።