ከጋሽ ይማም ግቢ የወሰድኩት የጢም ብሩሽ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ቀልድህን ተው» ትሉኛላችሁ። ምነው ቀልድ በሆነ!

ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ስለ አንድ ሌባ ሲወራ ሰማሁ።

ሌባው እኔ ነኝ።

ቆይ፣ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ከሥሩ ልጀምር።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በብሩሾቼ ነው። አዎ፣ የድሮ የጢም ብሩሽ! ያ ሳሙና ጠጥቶ አገጭ ላይ የሚሽከረከረው። እናንተ «ቪንቴጅ» ትሉታላችሁ። ፎቶ ስለጥፍ «ዋው ጋሼ» እያላችሁ ላይክ ታደርጋላችሁ። ነገሩ የተጀመረው ግን በደርግ ጊዜ፣ አቃቂ ነው።

ያኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ወንደላጤ። ጓደኞቼ ደመወዝ ሲቀበሉ ጠጅ ቤት ይገባሉ፣ እኔ ቁራሌው ጋ እሮጣለሁ።

ከአገር የወጡ የውጭ ሰዎች ጥለውት የሄዱት ዕቃ በየቁራሌው ማዳበሪያ ውስጥ ይዞር ነበር። ከዚያ ውስጥ ብሩሽ እለቅማለሁ። እጀታው የቀንድ ይሁን፣ የአጥንት ይሁን፣ ጸጉሩ ይርገፍ፣ ብቻ ብሩሽ ይሁን! ለብ ባለ ውሃና በአቼቶ እዘፈዝፈዋለሁ። አሮጌውን ሙጫ በወስፌ እፍቃለሁ። ቀንዱን በዘይት እስኪያበራ እወለውላለሁ። ከዚያ አዲስ ጸጉር በፋብሪካ ክር አስሬ እተክልበታለሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ ቀን ቤቴ ገብቶ ሠላሳ ምናምን ብሩሽ ተደርድሮ ሲያይ፣ «ጓድ፣ ለመሆኑ ስንት አገጭ ነው ያለህ?» ብሎኛል።

ችግሬ ጸጉር ነበር። መጀመሪያ የጋሪ ፈረስ ጭራ ሞከርኩ። ፊቴን ልጦት ሳምንት ሙሉ በቅባት ዋልኩ!

አንድ ቀን ታዲያ የፋብሪካው ቀለም ክፍል ያረጁ የቀለም ብሩሾች ሲጥል አየሁ። ጸጉራቸው ነጣ ያለ፣ ጠንከር ብሎም የሚታዘዝ፣ ውሃ የሚይዝ። ወርቅ አገኘሁ! የምን ጸጉር ነው ብዬ ጠየቅኩ? አልጠየቅኩም። ያማረ ነገር ሲያገኝ ማን ይጠይቃል?

አሁን ጋሽ ይማምን ላስተዋውቃችሁ።

አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። የወሎ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሶላት የማያሳልፉ፣ ሳቅ የማያልቅባቸው። ወላጆቼ ሩቅ ስለሆኑ ስታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት በርጩማ አውጥተው ይጠብቁኛል። መስታወቷ ባሕር ዛፉ ላይ ትሰቀላለች። ምላጭ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም፣ ስለዚህ እሳቸው ያለፈውን ሳምንት ምላጭ በብርጭቆ ውስጥ እያሹ ይስላሉ፣ እኔ አረፋ እመታለሁ። እየተላጨን ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ደሴ ብርድ ይተርኩልኛል።

የሳምንቴ ምርጡ ሰዓት እሱ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? ከዚያ በኋላም የተሻለ አላገኘሁም።

አንድ ጊዜ ቁራሌው መንታ ብሩሽ አመጣልኝ። ጥቁር ቀንድ፣ ወገባቸው ላይ የነሐስ ቀለበት ያለባቸው። ሁለቱንም ከቀለም ክፍሉ ባገኘሁት ጸጉር አደስኩና አንዱን ለኢድ ለጋሽ ይማም ሰጠሁ።

ፊታቸው ላይ አሽከረከሩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሐር ነው እንዴ!» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው፣ «ጸጉሩ የምንድን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል!

እኔ ግን ኤክስፐርት ነኛ! «የፍየል ነው» አልኩ። ያነሰ ይመስል ደግሞ ጨመርኩበት። «ያውም የእስላም እርድ!»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሌላኛውን ጉንጫቸውን ቀጠሉ።

ወራት አለፉ። የፋብሪካው ቀለም ቀቢ፣ ሥራውን ከጣሊያኖች የተማሩ ሽማግሌ፣ የጣሉትን ብሩሽ ስለቅም አዩኝ።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ጢሜን ልላጭበት።»

ሰውየው መሰላሉን ተደግፈው ሳቁ። «በአሳማ ጸጉር? አንተ፣ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?»

አሳማ!

እኔ ራሴ ሁዳዴን ሙሉ ወተት ሳልቀምስ ፊቴን በአሳማ ስፈትግ ከርሜያለሁ! እሱስ ይሁን፣ የገዛ ፊቴ ነው። ጋሽ ይማምስ? በቀን አምስት ጊዜ ታጥበው የሚሰግዱ ሰው! በአንድ ሞኝ ልጅ ቃል አምነው አሳማ ፊታቸው ላይ ሲያሽከረክሩ!

ሄጄ ልንገራቸው አልኩ። እግሬ ግን እምቢ አለ። አለማወቄን ይቅር ይሉኛል፤ እሳቸው እንደዚያ ናቸው። «የእስላም እርድ» ያልኩትንስ? እሱ አለማወቅ አይደለም፣ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ዓይናቸው እያየኝ ሲቀየር ታየኝ። እሁዴን አጣሁ ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የምን ዘዴ! የጉድ ጉድ!

እኔ ጋ የቀረውን የመንታውን ብሩሽ ጸጉር ነቀልኩ። ሳሪስ ወርጄ የፍየል ቆዳ ገዛሁ። ሻጩን «የማን እርድ ነው?» እያልኩ ሦስት ጊዜ ስጠይቀው፣ «ቆዳውን ልትበላው ነው እንዴ?» አለኝ። ጸጉሩን አጠብኩ፣ አበጠርኩ፣ አስሬ ተከልኩ። አሁን ቀስ ብዬ መቀያየር ብቻ ነው የቀረኝ።

«ላጥብልዎ ብለህ ለምን አልተቀበልካቸውም?» የምትሉ አላችሁ። በጣም አመሰግናለሁ! ይቺ ሐሳብ ለእኔ የመጣችልኝ ከዓመታት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

አርብ በምሳ ሰዓት ሆነ። ጋሽ ይማም ለጁምዓ ወጥተዋል ብያለሁ። ባለቤታቸው ገበያ ናቸው፣ ልጆቹም የሉም። የቆርቆሮውን አጥር ዘልዬ ገባሁ። የፍየሉ ብሩሽ ግራ ኪሴ ውስጥ ነው። የአሳማው ከውሃው በርሜል በላይ ካለችው ሳንቃ ላይ ተቀምጧል። አነሳሁትና ቀኝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ይማም! ጋቢ ተከናንበው! ለካ ብርድ ብርድ ብሏቸው ከቤት አልወጡም።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። የቀንዱ ጫፍ ወጥቶ ይታያል።

«ምነው ልጄ?» አሉ።

ከግራ ኪሴ የፍየሉን ብሩሽ ባወጣ ሌባ እንዳልሆንኩ ይገባቸዋል። ግን «ታዲያ ለምን መቀየር አስፈለገ?» ይመጣል። ከእሱ ኋላ አሳማው ይመጣል። ከአሳማው ኋላ እርዱ ይመጣል።

«ወድጄው ነው ጋሼ» አልኩ።

በቃ። ከውሸታም ሌባ ይሻላል ብዬ ሌባ ሆንኩ! ሁለቱንም እንደሆንኩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ወደ ኪሴ አዩ። ከዚያ «ከወደድከውማ ውሰደው» አሉ። «አብሽር። በበሩ ውጣ፣ ቆርቆሮው ይቆርጥሃል።»

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር!

በሚቀጥለው እሁድ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅኩ። ሁለት በርጩማ ወጥቷል። መስታወቷ ተሰቅላለች። ጋሽ ይማም ወደ በሩ እያዩ ጠበቁ፣ ጠበቁ። በመጨረሻ ሳሙናውን በመዳፋቸው ፊታቸው ላይ መቀባት ጀመሩ። የሠራሁላቸው የፍየሉ ብሩሽ እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል! አሥር እርምጃ ነው። አልሄድኩም።

በሚቀጥለውም እሁድ ሁለት በርጩማ ወጣ። ከዚያም በሚቀጥለው። አንድ ብቻ የወጣው በአራተኛው ነው።

ሰፈሩ ሁሉ የሰማ መሰለኝ። ሰው ሲስቅ በእኔ ነው እላለሁ፣ ሰው ዝም ሲል ስለ እኔ እያሰበ ነው እላለሁ። ብዙም ሳልቆይ ሳሪስ አቦ ቤት ተከራይቼ ሄድኩ። ከሥራዬ እየራቅኩ! ለምን ስባል «አየሩ ይስማማኛል» እል ነበር።

ጋሽ ይማምን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው መንገድ ላይ ነው፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ተሻግሬ ሄድኩ።

በዚህ ሳምንት አረፉ። አላህ ጀነት ይስጣቸው።

ዛሬ ድፍረቴን ሰብስቤ ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ልጃቸው ዘይነባ ናት የተቀበለችኝ። ያኔ ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች፣ አሁን የልጆች እናት ሆናለች። አምና ፌስቡክ ላይ አግኝታኝ «የአባቴ ጎረቤት» ብላ ጓደኛ አድርጋኛለች። ብሩሽ በለጠፍኩ ቁጥር መጀመሪያ ላይክ የምታደርገው እሷ ናት። እያወቀች በጨዋነት ዝም ያለችኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰዉ ስለ ጋሽ ይማም ደግነት ሲያወራ ዘይነባ ጨዋታውን ተቀበለች።

«አባዬ ሰው ማሳፈር አይወድም ነበር። አንድ ጊዜ አጥር ዘሎ የገባ ሰው የጢም ብሩሹን ሲወስድበት አገኘው። ውሰደው አለው። ማን ነበር ስንለው እስኪሞት አልነገረንም። ‹የሰው ገመና አይወጣም፣ የሆነ ነገር ጨንቆት ነው፣ ዱዓ አድርጉለት› ነበር የሚለን።»

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

ማንም አያውቅም ነበር! ሚስታቸው እንኳ! ያን ሁሉ ዓመት የሸሸሁት ሰፈር ምንም አልሰማም። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱም በርጩማ አውጥቶ ሲጠብቀኝ ነበር።

ይሄ አልበቃ ብሎ ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሽ ሽመልስ፣ እርስዎ ያኔ ጎረቤት ነበሩ። ሰውየውን ያውቁት ይሆን? ብናገኘው አባዬ እንዳልተቀየመው እንነግረው ነበር።»

«እኔ ነኝ» ማለት ይቻል ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው አየኝ።

«አላውቅም ልጄ» አልኩ።

ያኔ ሳላውቅ አውቃለሁ አልኩ፣ ዛሬ እያወቅኩ አላውቅም አልኩ! እንዲህ ዓይነት ሽማግሌ ቤታችሁ አለ?

ይህን የምጽፈው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። ምክር የምትጠብቁ ከሆነ፣ ከእኔ ምክር የምትጠብቁ እናንተም ልክ አይደላችሁም። ብሩሽ ጸጉሩ ቢረግፍ ይተከላል፣ ቀንዱ ቢደበዝዝ ይወለወላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ጋሽ ይማምን ሄጄ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ማለት ግን አልቻልኩም፣ አሁን ደግሞ የሉም።

ዘይነባ፣ ፖስቶቼን እንደምታይ አውቃለሁ። ሰውየው እኔ ነኝ። ጸጉሩም የፍየል አልነበረም፣ የአሳማ ነበር፤ የገባሁትም እሱን ከፊታቸው ላርቅ ነው። ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ያልወጣኝ ቃል ስልክ ላይ ሲሆን እንዴት እንደቀለለኝ እያየሽ ነው።

ነገ ተመልሼ ብመጣ ታስገቢኛለሽ?